ሳል ቤት ያሉት ዜማ ቤት

ይድረስ ለላቀች፣ ለቤቴ ባለቤት።

ልጃችን አትጠገብ በሰው ፊት አዋረደችኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ባለው ወይራ ሥር፣ የደብሩ አለቃ ተቀምጠው፣ ልጅ የሚያስተምር ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ «አባቴን ማንም አላስተማራቸውም። መምህር ያላየ ሰው በመምህር ላይ ሊፈርድ አይገባውም» አለች። ቃሏ ይህ ነው፤ አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩለትም። አንቱታዋን እንኳ አልጣለችም። በአንቱታ ነው ያዋረደችኝ።

እንደምን ሰነበትሽ አልልሽም። አንቺ ባለሽበት እንዴት እንደሚሰነበት አላውቅም፤ የማላውቀውን ደግሞ አልጠይቅም። ከተለየሽኝ ይህ ሦስተኛው የገብስ አጨዳ ነው። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ የምጽፈው ስላልነበረኝ ነው። አሁን ግን አለ። ነገሩን ከሌላ ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ የብራና ቁራጭ ይዤ ተቀምጫለሁ። በሕይወትሽ ፊደል ባትለዪም እኔ ሳነብልሽ ጥጥሽን እየፈተልሽ ታዳምጪ ነበር። እንደዚያው አድርገሽ ስሚኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ቤቱ እንደተውሽው አይደለም። ቀዩ በሬ ባለፈው ክረምት ሞተብኝ፤ አሁን ከጎረቤታችን ከደምሴ ጋር መቀናጆ ገብቼ፣ አንድ በሬ ከእኔ አንድ በሬ ከእሱ እየጠመድን እናርሳለን። ደምሴ እንደምታውቂው አፉ አያርፍም፤ ከእሱ ጋር ማረስ ከሁለት በሬና ከአንድ አውራ ዶሮ ጋር እንደ ማረስ ነው። የንጉሡ ሰፈር እዚህ ደብረ ታቦር ላይ ከከረመ ወዲህ ወታደር ያላደረበት ቤት፣ ወታደር ያልበላው ጎተራ የለም። ከጋፋት በኩል ብረት ሲቀጠቀጥ ቀኑን ሙሉ ይሰማል። ከብቱ መጀመሪያ ይደነብር ነበር፤ አሁን ለምዶታል። እኔ አልለመድኩትም። በጓሮ የተከልሽው ጌሾ ግን አለ። አትጠገብ ትኮተኩተዋለች።

አትጠገብ ከእኔ ጋር ናት። ባሏ እንደ ዘመተ ቀረ። ሞቷል የሚል አለ፣ ተማርኳል የሚል አለ፣ አየሁት የሚል ግን የለም። የባሏ ወንድሞች መሬቱን ያዙና እሷን ከነልጇ ወደ እኛ ሰደዷት። ይህ የሆነው አንቺ ካረፍሽ በኋላ ስለሆነ አታውቂውም። መጥታ በደጃፉ ስትቆም ዕቃዋ ሁሉ በአንድ ቁና ውስጥ ነበር። «ግቢ» አልኳት። ሌላ የምላት አልነበረኝም፤ እሷም ሌላ አልጠበቀችም። በዚህ እኔን ትመስላለች።

ልጇን ይርጋን ግን ታውቂዋለሽ፤ ያኔም እኛ ዘንድ እየመጣ ይከርም ነበር። አንቺ ስትለዪን ዳዊት እየደገመ ነበር። እግርሽ ሥር ቁጭ ብሎ ሲያነብልሽ፣ ሲሳሳት እኔ ከውጭ ሆኜ ሳርመው፣ «ተዉት እንጂ አንቱ፣ እግዜር የልጅ ስሕተት አይቆጥርም» ትዪኝ ነበር። እኔ አልተውኩትም። ዳዊቱን ጨረሰ። ድምፁ ጥሩ ስለሆነ ዜማ ቤት፣ የኔታ ዘንድ አስገባሁት። እጁን ይዤ የወሰድኩት እኔ ነኝ። አባት የሌለው፣ መሬት የሌለው ልጅ ነው፤ ድጓን ተምሮ መሪጌታ ካልሆነ የሚያድርበት ሥራ የለውም። ይህን እኔም አትጠገብም እኩል እናውቅ ነበር። የተጣላነው በዚህ አይደለም። የተጣላነው ማን ያስተምረው በሚለው ነው።

የኔታን ታስታውሺያቸዋለሽ። ለዓመት በዓል ድፎ ዳቦ ስትልኪላቸው ቆርሰው ለተማሪ አድለው፣ ለራሳቸው ፍርፋሪውን የሚያስቀሩት ናቸው። አንቺ ካለፍሽ ወዲህ ክፉ ዘመን መጣ። ወታደሩ አገሩን ስለበላው የመንደሩ ሰው ለተማሪ ቁራሽ መስጠት አቆመ። ሌሎች መምህራን ተማሪ ሲበትኑ እሳቸው አልበተኑም። ለራሳቸው የመጣላቸውን ከተማሪዎቹ ኮሮጆ ጋር ቀላቅለው እኩል ይበሉ ነበር። ይርጋ ከዚያ ቤት እየራበው መጥቶ አያውቅም። አንድም ቀን በልጅ ላይ አርጩሜ ሲያነሱ አላየሁም። ይህ ለእኔ ከዜማው ይበልጥብኝ ነበር። አሁንም ይበልጥብኛል።

ደረታቸው ግን የታመመ ነው። አንቺ እያለሽም ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር፤ ኋላ ባሰባቸው። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ያስላቸዋል፤ ሁልጊዜም በዚያው በሚወጣበት ቦታ ላይ። ይህን ያዥልኝ፤ ነገሩ ሁሉ ከዚህ ነው የመጣው።

በግንቦት ወር አንድ ሊቅ መጣ። በአገሩ ያሉትን የዜማ ቤቶች እየዞረ እንዲመረምር ከበላይ ታዟል አሉ። ወጣት ነው። ነጠላው ንጹሕ፣ በቅሎው የሰባች። ድጓን ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ ያስመሰከረ ነው። የዜማ ተማሪ የትም ቢማር በመጨረሻው በዚያ ቀርቦ ካላስመሰከረ መምህር እንደማይባል ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ የሊቁ ቃል የዋዛ ቃል አልነበረም።

ተማሪዎቹን በደጀ ሰላሙ አቆማቸው። እኛ ከቅዳሴ ወጥተን ቆመን እናይ ነበር። አንዱን ልጅ አስጀመረው። ልጁ ጥሩ አድርጎ ያዘው፤ ሃሌ ሉያ ብሎ ወደ ላይ ሊወጣ ሲል «እህ» አለና ቀጠለ። ሊቁ ጉንፋን የያዘው መስሎት አለፈው። ሌላውን አስጀመረ። እሱም በዚያው ቦታ «እህ» አለ። ቀጥሎ የቆመው የእኛ ይርጋ ነበር። ይርጋም «እህ» አለ። ያን ጊዜ ሊቁ «እስቲ ሁላችሁም በአንድነት በሉ» አላቸው። ሁሉም በአንድ አፍ፣ በአንድ ልክ «እህ» ብለው ወጡ።

ላቀች፣ ልጆቹ ማሳላቸውን አያውቁም። ዜማ የሚያዘው በጆሮ ነው። የኔታ ከአፋቸው ያወጡትን ሁሉ ዜማ ነው ብለው ተቀብለውት ነበር። ሊቁ አንዱን ትንሽ ልጅ «ይህች እህ ምንድን ናት?» ቢለው፣ ልጁ ቀጥ ብሎ ቆሞ «ቁርጥ ናት» አለው። ቁርጥ ዜማው ለአፍታ የሚቆረጥበት ምልክት ነው። የመምህራቸውን ሕመም ምልክት አድርገው ተምረውታል። ስንት ጊዜ በዚያ አጥር ሥር ያለፈ፣ ስንት ጊዜ ከእነሱ ጋር ያስቀደሰ ሰው ሁሉ፣ አንዳችንም ሰምተናት አናውቅም ነበር።

ሊቁ ሳቀ። ሰዉም ተከትሎት ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ ፈረደ። «ይህ ቤት ዜማ አያስተምርም፤ ሳል ነው የሚያስተምረው። ከዚህ የወጣ ልጅ ቤተልሔም ቢሄድ ከደጅ ይመለሳል» አለ። ይህንኑ ለላኩት እንደሚያሰማ ተናግሮ በቅሎው ላይ ወጣ። ጠዋት መጥቶ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሄደ።

የኔታ ግንቡን ተደግፈው ቆመው ነበር። «ልጆቹ ታማኞች ናቸው። የሰጠኋቸውን ያዙ፣ ያልሰጠኋቸውንም ያዙ» አሉ። ወደ ጎጇቸው ሲሄዱ ልጆቹ ይከተሉ ወይም ይቅሩ ግራ ገባቸው። ይርጋ ነው ቀድሞ የተከተላቸው።

ሊቁ ዋሸ አልልሽም። የሰማውን ነው የተናገረው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዜማ ቤት መባሉ ቀረ፤ ሳል ቤት ተባለ። ተማሪዎቹ ቁራሽ ሊለምኑ በየደጁ ሲቆሙ ሴቶቹ «ሳል ቤቶች መጡ፣ ማር አምጡላቸው» ይላሉ። ገበያ መካከል ይርጋ ሲያልፍ ከኋላው «እህ» የሚል አይጠፋም። እንጨት የተሸከሙት፣ አህያ የሚነዱት፣ ሁሉም «እህ»። ልጁ መጀመሪያ አብሮ ይስቅ ነበር። በኋላ ገበያ መሄድ ተወ። በኋላ ደግሞ እቤት ውስጥ ማንጎራጎሩን ተወ፤ ይህኛው ነው አትጠገብን የቆረጣት። እሷ ሊጥ ስታቦካ እሱ ምድጃ ዳር ሆኖ ማንጎራጎሩ ልማዱ ነበር።

አለቃው ልጅ ያለውን ሁሉ በወይራው ሥር ሰበሰቡ። ልጆቻችንን እዚሁ እንተዋቸው ወይስ እናውጣቸው ነው ነገሩ። ወደ እብናት መውረጃ፣ ደጋው የሚያበቃበት ጫፍ ላይ ሌላ ዜማ ቤት አለ። መምህሩ ያስመሰከሩ ናቸው፤ ተማሪም ይቀበላሉ።

መጀመሪያ የተናገረው ደምሴ ነው። «እኔ ልጄ ጉንፋን ሳይዘው ሲያስል በሰማሁ ቁጥር፣ ይኸው ትምህርቱ ገባው ብዬ ለእናቱ እነግራት ነበር» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አለቃውም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ከወንዙ ማዶ የመጣች ባሏ የሞተባት ሴት አለች። እሷ አልሳቀችም። «እኔ ልጄን አላወጣም። ቁራሽ በጠፋ ጊዜ የኔታ አብልተውልኛል። እዚያ የሚያበላው ማን አለ?» አለች።

«መብላቱንማ በሬዬም ይበላል» አላት ደምሴ። «ለትምህርት አይደል እንዴ የሰጠናቸው?»

«በሬህንስ የራበው ቀን ታየዋለህ፤ ልጅህን የራበው ቀን አይተሃል?» አለችው። ደምሴ ነጠላውን ሰብስቦ ቁጭ አለ። ያ የማይገኝ ነገር ነው።

ያኔ ተነሣሁ። «ሳል ከዜማ ውስጥ ይወጣል» አልኩ። «አራሚ ቢመጣላቸው አንድ ክረምት አይፈጅም። እንዲህ ያለ ሰው ግን አንዴ ከገፋነው አይገኝም። ሊቁ የሰማቸው አንዲት ረፋድ ነው፤ እኛ ክፉውን ቀን አብረናቸው አይተናል። ልጆቹን እዚሁ እንተው፣ አራሚ እንለምንላቸው» አልኩ። አለቃው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰዉ ወደ እኔ እያዘነበለ ነበር፤ ይህን የምልሽ ለመመካት አይደለም፣ የሆነውን እንድታውቂ ነው።

አትጠገብ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። «ልጄ አባት የለው፣ መሬት የለው። ያለው ጉሮሮው ብቻ ነው» አለች። «እሱም ይበላሽበት? ከቤተልሔም ደጅ ይመለስ? በደረሰበት ሁሉ ሲያስሉበት ይኑር? አባቴ የኔታን ይወዷቸዋል፤ እኔም እወዳቸዋለሁ።» ከዚያ ከላይ የጻፍኩልሽን ተናገረች። ደግሜ አልጽፈውም።

ሰዉ ምድር ምድሩን አየ። አልመለስኩላትም። ከወይራው ሥርም ተነሥቼ አልሄድኩም፤ ሸሸ እንዲሉኝ አልፈለግሁም። ነገሩ እስኪያልቅ ቁጭ ብዬ ሰማሁ።

እንዴት እንደተማርኩ አንቺ ታውቂያለሽ። አባቴ ለማረሻ ነበር የሚፈልገኝ። በቤተ ክርስቲያን ቆሜ ዳዊቱን በጆሮዬ ለቅሜ በቃሌ ያዝኩ። ከዚያ የተጻፈውን ዳዊት ከቄሱ እየለመንኩ፣ በአፌ ያለውን ቃል ከብራናው ላይ እየፈለግሁ፣ ይህች እንዲህ ትባላለች፣ ያች እንዲያ ትባላለች እያልኩ ፊደልን ለየሁ። አንቺ ሙሽራ ሆነሽ ስትመጪ ገና አልጨረስኩም ነበር። እያረስኩ ስለምደግም፣ ምሳ ይዘሽ መጥተሽ ከድንበሩ ላይ ቆመሽ፣ «አንቱ ሰው፣ በሬዎቹ እኮ ቀድመውዎት ዳዊት ጨረሱ» አልሽኝ። መሳቅ አልወድም፤ በዚያ ግን ስቄአለሁ። በሬዎቹም ቆመው ጠበቁን።

ሰው ቤታችን መጥቶ መጽሐፍ ይዤ ሲያየኝ «ማን አስተማረዎት?» ይለኛል። ከእኔ ቀድመሽ «ማንም!» የምትዪው አንቺ ነበርሽ። እንስራሽን አስቀምጠሽ፣ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ፣ «ማንም አላስተማራቸውም!» ትዪ ነበር። አትጠገብ ይህን እየሰማች ነው ያደገች። አንቺ የኮራሽበት ቃል ነው ከልጅሽ አፍ ስድብ ሆኖ የወጣው። ሌላ ቃል ብትመርጥ ኖሮ ምናልባት ይህን ያህል አይሆንም ነበር።

ከአትጠገብ ቃል በኋላ ሰዉ ወደ እሷ አዘነበለ፤ ሁሉም በአንድ ቀን ልጆቹን አወጣ። ያች ከወንዙ ማዶ የመጣችው ሴት ብቻ አላወጣችም።

ይርጋ ሰኔ ሳያልቅ ሄደ። ደበሎውን ለብሶ፣ በሶውን በስልቻ ይዞ፣ ከደምሴ ልጅ ጋር። ጉልበቴን ስሞ «አባባ፣ የኔታን እየሄዱ ይዩልኝ» አለኝ። አቅፌ መረቅሁት። እናቱ እስከ ወንዙ ሸኘችው። ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አንድ ነገር እንድላት ጠበቀች። ከብቱ ውኃ አልጠጣም አልኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእህልና ከከብት በቀር ከእሷ ጋር ሌላ ወሬ አልነበረኝም።

ልጁ እንዳለኝ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። የቀሩላቸው የዚያች ሴት ልጅና አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ናቸው። ከውጭ ሲያዜሙ ይሰማኝ ነበር፤ እኔ ስገባ አቆሙ። «ይቀጥሉ እንጂ» ብላቸው ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ። ሰው ባለበት አፋቸውን ለዜማ መክፈት ትተዋል። ስለ ዝናቡ ተነጋግረን ወጣሁ። በሄድኩ ቁጥር እንደዚያው ሆነ።

በነሐሴ፣ ጭቃው ገና ሳይደርቅ፣ ከእብናት በኩል ጨው ይዞ የመጣ ነጋዴ ሰላምታ አመጣልን። ይርጋ «ለእናቴ ሳሉ ለቀቀኝ በልልኝ» ብሎ ልኮታል። መምህሩ ከጓደኞቹ ሁሉ እያስቀደሙ ያስጀምሩታል አለ። አትጠገብ ተደፍታ ምድር ሳመች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ልጁ ቀንቶት ነበር፣ ላቀች። አስተማሪውም ጎበዝ፣ ትምህርቱም የጠራ ነበር። እኔ ይህንን ሳልነግርሽ ብቀር ሌላውን መንገሬ ዋጋ የለውም። «ጥሩ ነው» አልኳት። እሱን ብቻ።

መስከረም አልፎ በቆላው ማሽላው ማሸት ጀመረ። ደጋው ጫፍ ላይ ያሉት መንደሮች በወታደር ተበልተው ለተማሪ የሚተርፋቸው ስላልነበረ ልጆቹ ለቁራሽ ወደ ቆላ ወረዱ። ማሽላ እሸት የሚሰጣቸው ሰው አገኙ፤ እዚያው አደሩ። ቆላ አድሮ የማያውቅ የደጋ ልጅ በጥቅምት ቆላ አደረ። የቆላው ትኩሳት፣ ንዳድ ያዘው። ሁሉንም ያዛቸው፤ ሌሎቹን ለቀቃቸው።

ጓደኞቹ ቃሬዛ ሠርተው ይርጋን ሽቅብ ተሸከሙት። ከፊት የያዘው የደምሴ ልጅ ነበር፤ እሱም ከንዳድ ገና አላገገመም። የእኛ መንደር ጭስ ከሚታይበት ሸንተረር ላይ ሲደርሱ የይርጋ ነፍስ ወጣች። ልጆቹ ለእናቱ «ቤቱን አይቶታል» አሏት። አይቶት ይሁን፣ ለእሷ ሲሉ ይሁን አላውቅም፤ አልጠየቅኋቸውም።

አንቺ አጠገብ ነው ያስተኛነው። ይህን ከእኔ ቀድመሽ አውቀሻል።

በቀብሩ የደብሩ ካህናት ፈቱት። የኔታም መጥተው ነበር። ቀድሞ ቢሆን መሪው እሳቸው ነበሩ፤ ካህናቱም ቦታ ለቀቁላቸው። እሳቸው ግን አልቀረቡም። ከግንቡ ጥግ ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ በሁለት እጃቸው ጭነው ያዙ። ፍትሐቱ እስኪያልቅ አልለቀቁትም። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሰው የሚያለቅሱ መሰለው። እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ አውቃለሁ፤ ሳላቸውን እየያዙ ነበር። ለልጁ አንዲት ቃል ሳያዜሙለት ቀሩ። ከሰልስቱ በኋላ አገሩን ለቀው ሄዱ፤ ወዴት እንደሆነ ለማንም አልተናገሩም። ዓይነ ስውሩ ተማሪ በትራቸውን ይዞ መንገድ ሲጠይቅ አየሁ የሚል ሰው አለ። ጎጇቸው ባዶዋን ናት።

በለቅሶው ቤት ደምሴ ከጎኔ ተቀመጠ። ልጁ በሕይወት ተርፎለታል፤ ስለዚህ ደግ ነገር ሊናገር ፈለገ። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት «አያ ተሰማ፣ አንቱ አውቀውት ነበር። እኛ ነን ያልሰማንዎት» አለኝ። አትጠገብ ከሴቶቹ መካከል ነበረች። ሰማችው። ፊቷን ነጭታ ደም በጉንጯ ይወርድ ነበር፤ ያንን ስትሰማ መንጨቷን አቆመች።

«ምኑን ነው ያወቅሁት?» አልኩት። «እኔ የተናገርኩት ስለ መምህር ነው። ስለ ንዳድ አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም። ስለ ቆላ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ያላወቅሁትን አወቅህ አትበለኝ» አልኩት። ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ደምሴ ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። በማግስቱ ግን መጥቶ ከብቱን አሰማራልኝ። አፉን ነው እንጂ ልቡን አልጠላበትም።

ከአርባው በፊት አንድ ጠዋት አትጠገብ ከበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ማጭድ እየሳልኩ ነበር። «አባቴ፣ ይበሉኝ» አለች። «የሚሉኝን ይበሉኝ። ይስደቡኝ፣ ይርገሙኝ። ዝም አይበሉኝ።» ማጭዱን ገልብጬ መሳሌን ቀጠልኩ። «በሰው ፊት ያልኩዎትን አልረሱትም፣ አውቃለሁ። እሱን አንስተው ይበሉኝ። ልጅሽን አንቺ ገደልሽው ይበሉኝና ይውጣልኝ» አለች።

ላቀች፣ አንቺ ብትሆኚ ታቅፊያት ነበር። እኔ ይህን አልችልበትም። «ገብሱ ደርሷል። ማጭድሽን አምጪ፣ ልሳልልሽ» አልኳት። ከዚያ ገብታ ማጭዷን አምጥታ ሰጠችኝ። ሳልኩላት።

ያን ቀን አብረን አጨድን። እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች። ከስታለች፤ ቀሚሷ በትከሻዋ ላይ አይቆምም። ነዶውን የምታስረው እንደ አንቺ ነው፣ ማሰሪያውን ወደ ውስጥ ጠምዝዛ። ፀሐይ ሲበረታ ውኃ አመጣችልኝና መጀመሪያ እኔ እስክጠጣ ጠበቀች። እኔም ጠጥቼ ቅሉን መለስኩላት፤ ቁጭ ብላ ስትጠጣ ከአጠገቧ ተቀመጥኩ። ከሰኔ ወዲህ ከአጠገቧ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ገብሱ ተነጋገርን። በረዶ የመታው የላይኛውን ማሳ እንጂ ይህኛውን አይደለም አለች። እውነቷን ነው አልኳት።

ሰዉ እንድናገር ይጠብቃል። ገበያ ስወጣ፣ ቅዳሴ ስቆም ዓይናቸው አፌ ላይ ነው። ልጅቱ አዋረደችው፣ ከዚያ ልጇ ሞተ፣ አሁን ምን ይላት ይሆን ይላሉ። የነፍስ አባታችንም «አውጥተው ይናገሩት፣ ይቀልልዎታል» አሉኝ። እንዲቀልለኝ አልፈልግም አልኳቸው።

ይቅር ብያታለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ቃሏ አልለቀቀኝም፤ እኔም ሰው እንደሆንኩ ታውቂያለሽ፣ የያዝኩትን የምጥል አይደለሁም። ነገር ግን እሷ ዘንድ ከእኔ ቃል የሚከብድ አለ። ይርጋን ተሸክማ ትነሣለች፣ ተሸክማው ትተኛለች። በዚያ ላይ የእኔን አልጭንባትም። ዝምታዬ ጥላቻ መስሏት እንደሆነ አላውቅም። እንዳልሆነ የምነግርበት አፍ የለኝም፤ አብሬያት ግን አጭዳለሁ፣ አብሬያት እወቃለሁ፣ ከአንድ ገበታ እበላለሁ። ቀስ ብላ ታውቀው እንደሆነ እንጃ።

አንቺን አልረሳሽም። ልጁንም አልረሳውም። ሙት ዓመቱን አወጣለሁ፤ ያንቺንም እንደ ከዚህ ቀደሙ አላቋርጥም። ዳዊት ስደግም ስማችሁን እጠራለሁ፣ ያንቺን አስቀድሜ የእሱን አስከትዬ። ዓይኔ ሲደክም በቃሌ እደግመዋለሁ፤ ቃሌ ሲጠፋ ስማችሁን ብቻ እላለሁ።

በወይራው ሥር ስለተባለው ግን ይህ የመጨረሻዬ ነው። ለአትጠገብ አላነሳባትም። ለአለቃው፣ ለነፍስ አባቴ፣ ለደምሴ አልናገረውም። ልሞት ስል ተናዘዝ ቢሉኝም ይህ የእኔ ኃጢአት አይደለምና አልናዘዘውም። አንቺ ዘንድ ስመጣም፣ ላቀች፣ እንዳትጠይቂኝ። አልመልስልሽም።